ልጄን ላርስ ነው የምሄደው

እኔ የምለው፣ የቪዛ ፎርም ሞልታችሁ ታውቃላችሁ? ካልሞላችሁ፣ የትም ባትሄዱ እንኳ፣ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ሙሉት። ሰው ስለራሱ ምን ያህል እንደማያውቅ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። የት ትተኛለህ? ማን ጠራህ? ማን ያበላሃል? ብትታመምስ? አዎ፣ ብትሞት ሬሳህን ማን እንደሚመልሰው ሁሉ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ኢንሹራንስ ይሉታል። እኔ ሚስት ላገባ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልተጠየቅሁም።

የካ ሚካኤል አካባቢ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮፒ አነሳለሁ፣ መታወቂያ በላስቲክ እለብጣለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። በሩ ላይ «የማንኛውም አገር ቪዛ ፎርም በጥራት እንሞላለን» የሚል ለጥፌያለሁ። «እንሞላለን» ያልኩት ለክብር ነው እንጂ ያለሁት ብቻዬን ነኝ። ደግሞ ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ሩቅ ሄድኩ ከተባለ ሐዋሳ ነው፤ እሱም ለሠርግ። ግን ስንቱን ሰው በወረቀት ላይ አዙሬዋለሁ መሰላችሁ! ሆቴል እይዝላቸዋለሁ፣ የጉዞ ዕቅድ አወጣላቸዋለሁ። አንደኛ ቀን ሙዚየም፣ ሁለተኛ ቀን ሐይቅ ዳር ሽርሽር፣ ሦስተኛ ቀን አሮጌ ግንብ መጎብኘት። ደንበኛዬ ከተማውን እኔ ባወጣሁለት ዕቅድ ቢዞረው ምን ያህል ደስ ባለኝ! ግን አንዳቸውም ሙዚየም እንደማይረግጡ እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ። ኢምባሲውም ሳያውቅ አይቀርም።

እና አንድ ቀን እትዬ ከድጃ መጡ።

እትዬ ከድጃ ሾላ ገበያ ቅቤና ቡላ ይሸጣሉ። ሰፈሩን በሙሉ ያውቁታል፣ ሰፈሩም ያውቃቸዋል። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ግን አንድ ኩንታል ከመሬት ሲያነሱ ብታዩ ዕድሜ የሚባለውን ነገር ትጠራጠራላችሁ። ፓስፖርታቸው አዲስ ነው፤ ገና ይሸታል። ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ሰሚራ ጋ ልሄድ ነው፣ ሙላልኝ» አሉኝ። ሰሚራ ትንሿ ልጃቸው ናት፣ ውጭ አገር አግብታ የምትኖር። አገሩን አልጠራም። በረዶ የሚወርድበት አገር ነው፣ ይበቃል።

ፎርሙን ጀመርን። ገና ሁለተኛው ሣጥን ላይ ተጣላን። «የቤተሰብ ስም» ይላል። እሳቸው ከድጃ ሰይድ፣ ልጅቱ ሰሚራ ኑሪ። የቤተሰብ ስም የቱ ነው? «ሰይድ አባቴ ናቸው፤ አላህ ይማራቸው፣ እሳቸው የትም አይሄዱም፤ ለምን ይጻፋሉ?» አሉኝ። ፈረንጅ ስማችሁ አንድ ካልሆነ እናትና ልጅ መሆናችሁን አያምንም አልኳቸው። አፋቸውን ይዘው «የአፍንጫችንን ፎቶ ላክለት!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አፍንጫው አንድ ነው።

ዋናው ነገር ግን ደብዳቤው ነበር። ለምን እንደሚሄዱ ዘርዘር አድርገው በደብዳቤ ማስረዳት ነበረባቸው። እኔ እንደ ልማዴ «ልጄን ለመጠየቅና አገር ለመጎብኘት» ብዬ ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ። ውሸት አትጻፍብኝ አሉ። ታዲያ ለምንድነው የሚሄዱት አልኳቸው። ወደ በሩ አዩ፣ ሰው እንደሌለ አረጋገጡ፣ ከዚያ በሹክሹክታ «ልጄን ላርስ ነዋ!» አሉኝ።

ገባኝ። ሰሚራ ልትወልድ ነው። የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ ፈረቃ ሠራተኛ ነው፣ ዘመድ የለም፣ እናት ካልደረሰች ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ወገቧን የሚያስርላት፣ «ተኚ» የሚላት አንድ ሰው የለም። በጣም ጥሩ አልኩ፣ ማርገዟን እንጽፋለን፣ የሐኪሟን ወረቀት እናያይዛለን፣ አለቀ።

እትዬ ከድጃ ከወንበራቸው ተነሡ። የልጄን ሆድ ለማላውቀው ሰው በወረቀት ልታዞርብኝ ነው? የሰው ዓይን ቢያገኛትስ? ማኅተም የሚመታው፣ ፋይል የሚያመላልሰው፣ ስንቱ ያየዋል! የሐኪሙ ወረቀት አለ፣ ሰሚራ ልካዋለች፣ ግን ከደረታቸው አይወጣም። «ላርስ ብለህ ጻፍ። የገባው ይገባዋል» አሉኝ።

እሺ አልኩ። እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። «የምሄደው ልጄን ለማረስ ነው። አርባ ቀን አርሼ እመለሳለሁ። ከዚህ በፊት ትልቋን ልጄን፣ የወንድሜን ሚስትና ሁለት ጎረቤቶቼን አርሻለሁ። ሁሉም ደኅና ናቸው።» ቆንጆ ደብዳቤ ነው። እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ደብዳቤው ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነበረበት። እኔ እንግሊዝኛ አነባለሁ። ስጽፍ ግን… ስልኬ ነው የሚጽፍልኝ። አማርኛውን እሰጠዋለሁ፣ እሱ ይተፋልኛል፣ እኔ አትሜ ማኅተም አደርግበታለሁ። እሳቸው ከወጡ በኋላ ሱቁ በሰው ተጨናነቀ። ሳላነበው አተምኩት።

የቀጠሮው ቀን ኢምባሲው ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። እሳቸው ስልካቸውን በር ላይ አስረክበው ገቡ፣ እኔ ከማዶ ሻይ ቤት ቁጭ አልኩ። ጊዜ ለመግፋት የደብዳቤውን ኮፒ አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ጊዜ አነበብኩት። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። እንዲህ ነበር የሚለው፦ ወደ አገራችሁ የምሄደው ልጄን በሞፈርና በቀንበር ላርሳት ነው። አርባ ቀን አርሻት እመለሳለሁ። ከዚህ በፊት ጎረቤቶቼን በሬ ጠምጄ አርሻለሁ። ሁሉም ከእርሻው በኋላ ደኅና ናቸው።

ሞፈሩን፣ ቀንበሩንና በሬውን አሁን ስነግራችሁ እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ግን ፈረንጁ በልቡ የሚጨምረው እሱን አይደል? ተነሥቼ ወደ በሩ ሮጥኩ። ጥበቃው ቀጠሮ አለህ ወይ አለኝ። የለኝም፣ ግን አንድ ቃል ተሳስቷል አልኩት። እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ተሳስቶበት ነው ብሎ መለሰኝ። ከማዶ ቆሜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ። ሰሚራ ብቻዋን ብትወልድ፣ የበደልኳት እኔ ነኝ። ሰው በስንፍናዬ ሲጎዳ ያን ያህል ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ውስጥ የሆነውን በኋላ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

ጠያቂው ጢሙ ቀይ የሆነ ወጣት ፈረንጅ ነው። አስተርጓሚውን በእጁ መለስ አድርጎ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደሩ» ሲላቸው እትዬ ከድጃ ወንበሩን ይዘው ቀሩ። አማርኛ! «ወላሂ፣ ካንተ አማርኛ ይሻላል» አሉኝ። ከመጽሐፍ የተማረው፣ አንዲት ፊደል የማይገድፍ። ሰውየው ደብዳቤውን ከፊቱ አድርጓል።

«እርስዎ ያርሳሉ?» አላቸው።

«አዎ ልጄ፣ አርሳለሁ። በደንብ ነው የማርሰው፤ ሰፈሩን ጠይቅ።»

«በምን ያርሳሉ?»

«በቡላ ነዋ!»

ሰውየው ጻፈ። ቡላ የበሬም መልክ መሆኑን መጽሐፉ ሳይነግረው አይቀርም፤ በሬው ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸው «ብሩ» የሚል መሰላቸውና ከሱቄ ነው፣ የሰው አልፈልግም አሉት። በቀን ስንት ሰዓት ያርሳሉ? ቀንም ሌሊትም። ደመወዝ ይከፈልዎታል? እዚህ ላይ እትዬ ከድጃ ተቆጡ። «እናት ልጇን ለማረስ ትከፈላለች? ባገርህ ተከፍሏት ነው?»

ሰውየው በትሕትና፣ በዚያ በመጽሐፍ አማርኛው፣ «በእኛ አገር ይህንን ሥራ የሚሠራው ማሽን ነው» አላቸው።

ማሽን! ልጃቸው ተኝታ፣ ብረት ገንፎ ሲያጎርሳት፣ ብረት ወገቧን ሲያስር ታያቸው። ዓይን ምን ያደርጋል፣ ሰው ምን ይላል፣ ሁሉም ጠፋባቸው። «ልጄን ማሽን አያርስም! ልትወልድ ነው፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ብቻዋን ናት!» ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከደረታቸውም የሐኪሙን ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወረቀቱን አየ፣ ደብዳቤውን አየ፣ እሳቸውን አየ። ከመሳቢያው አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አወጣና በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ቆመ። ከጢሙ ይልቅ ፊቱ ቀላ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ እትዬ ከድጃም የሚያስቀው ምን እንደሆነ ሳያውቁ እሱን አይተው ሳቁ። ስድስት ዓመት አማርኛ ስማር ይቺን ሁለተኛዋን ትርጉም ማንም አላስተማረኝም አላቸው። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረው፤ እንደሚመለሱ በምን አውቃለሁ? «ቅቤዬን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ! ከአርባ ቀን በላይ ብቆይ አንጥራ ነው የምትበላው» አሉት። ይቺን ሳይጽፋት አልቀረም።

እኔን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር እየደነቀኝ ቀረ። መሬት ይታረሳል። የወለደች ሴትም ትታረሳለች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሁለቱንም ስናገር አንድ ቃል መሆናቸውን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። አንድ ፈረንጅና አንድ ስልክ ተሳስተው ነው ያሳዩኝ። መሬቱን አገላብጦ፣ አለስልሶ፣ ለሕይወት ማዘጋጀት። የወለደችውንም አገላብጦ፣ አለስልሶ፣ ወደ ሕይወት መመለስ። ይሄን ቃል መጀመሪያ የተናገረው ሰው ማን ነበር? ሴት መሆን አለባት። ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ «አረሰ፣ ታረሰች» እያልኩ ስደጋግም ኮፒ ሊያስነሣ የገባ ሰው አይቶኝ ወጥቷል።

ቪዛው ተሰጠ። አርባ አምስት ቀን። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት መዳፍ አታክልም፤ ሾላ ገበያ እጅ በእጅ ዞረች፣ ሴቶቹ ሁሉ ቅቤ በነካው ጣታቸው እንዳይነኳት እየተጠነቀቁ አዩአት።

አሁን የቀረው ብርዱ ነው። እትዬ ከድጃ አንድ ትልቅ ካፖርት ገዙ፤ ሲለብሱት ሰውነታቸው ጠፍቶ ካፖርቱ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። ግን ይሞቅ አይሞቅ በምን ይታወቃል? ስለዚህ አንድ ማለዳ ታክሲ ይዘን እንጦጦ ፓርክ ወጣን። ብርድ ለመለማመድ! ወጣቶቹ በቁምጣ ሲሮጡ እሳቸው ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው ከባሕር ዛፉ አጠገብ ቆሙ። ጉሙ ቀስ እያለ ተገለጠና ከተማው ከሥራችን ተዘረጋ። እንዴት ያለ ነገር ነው! ጣራ በጣራ ላይ፣ ሕንፃ በሕንፃ ላይ፣ ማለቂያ የለው። ሾላን ፈለግናት፣ አጣናት።

እትዬ ከድጃ «ይሄ ሁሉ ሰው ተወልዶ ነው» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እያንዳንዱን የወለደች ሴት አለች። እያንዳንዷን ያረሰች ሴት አለች።» እጃቸውን ከካፖርቱ አውጥተው ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አሳዩኝ። የስንት አገር ፎርም ስሞላ የኖርኩ ሰው፣ ከተማዬን ያን ቀን ገና አየሁት። ብርዱንም ረሳሁት፤ ደግነቱ እሳቸው አልረሱትም፣ እንውረድ አሉኝ።

ሄዱ። በደረሱ በሦስተኛው ቀን ሰሚራ ወንድ ልጅ ወለደች። አርባኛው ቀን ሞልቶ በአርባ አንደኛው ቀን ቦሌ ወረዱ፤ ቪዛው ገና ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። በነጋታው ሾላ ሱቃቸው ሄጄ ሴቶቹ ከበዋቸው አገኘኋቸው። የሕፃኑን ጣት፣ የሕፃኑን ጆሮ፣ ሰሚራ ስንት ገንፎ እንደጨረሰች ሁሉ ሲያወሩ ስሰማ ቆየሁ። እኔ የልቤ ሌላ ነው። ባቡሩን፣ ሐይቁን፣ ግንቡን በወረቀት የማውቀውን አገር በዓይኑ ያየ ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሏል!

«እትዬ፣ አገሩ ግን እንዴት ነው?» አልኳቸው።

እትዬ ከድጃ ቅቤውን እየመዘኑ ትንሽ አሰቡ።

«ሞቃት ነው» አሉኝ።

በረዶው እስከ ሰው ወገብ በደረሰበት ወር ማለት ነው። ለካ እንደገቡ በሩን ዘግተው፣ ማሞቂያውን ከፍተው፣ አራስ ብርድ ይመታታል ብለው አርባ ቀን መስኮት አላስከፈቱም። አሁን ሾላ ገበያ ሄዳችሁ ብትጠይቁ፣ ያ አገር በረሃ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚነግሯችሁ ሠላሳ ሴቶች አሉ።