ከገጽ ዘጠና ሰባት የሚጀምር መጽሐፍ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ግሪክ ጠቃሽ አይጠፋም። ዝናብ ቢዘንብ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሞተ አንድ ግሪካዊ አስቀድሞ ተናግሮበታል። ግሪክ ጠቃሽ አይደነግጥም። ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል እንጂ።

ለልብስ ሰፊው የደረሰው ግሪክ ጠቃሽ ልብስ ተኳሹ ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንዱ በስፌት መኪናው፣ ሌላው በካውያው፣ ጀርባ ለጀርባ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። የክቡር ተኳሹ የዕውቀት ምንጭ ከካውያው ጠረጴዛ ሥር የምትቀመጥ አንዲት የግሪክ አሳቢዎች መጽሐፍ ናት። ፊተኛው ግማሽ ተገንጥሎ ስለጠፋ የምትጀምረው ከገጽ ዘጠና ሰባት ነው። የአሳቢዎቹም ስም አብሮ ሄዷል። ስለዚህ ተኳሹ ሁሉንም በጅምላ «ግሪኩ» ይላቸዋል።

አንድ ደንበኛ ሱሪው አጥሮበት ገንፍሎ መጣ።

«ግሪኩ፣ ሰው የሚለካው በቁመቱ ሳይሆን በትዕግሥቱ ነው ይላል» አለው ተኳሹ፣ ካውያውን ሳያቆም።

«ግሪኩ ሱሪ ይለብስ ነበር?»

«ኧረ አይለብስም።»

«እንግዲያው አርፎ ይቀመጥ።»

የልብስ ሰፊው ሚስት ደግሞ ባሏ ቤት ሲገባ አላናግር እንዳላት ልትከስ መጥታ፣ ግሪኩ ስለ ትዳር ያለውን ሁሉ ቆማ አዳመጠች።

«ለመሆኑ ሚስት ነበረችው?»

«እሱ እንኳ የጠፋው ግማሽ ላይ ነው፣ እትዬ።»

«ገምቼ ነበር» ብላ ወጣች።

ልብስ ሰፊውም ቢሆን በቀን ሦስት ጊዜ «ናላዬን አዞርከው» ሳይል አይውልም ነበር። ሆኖም ሚስቱን ያላናገረበትን ምክንያት ቀድሞ የደረሰበት ይኸው ተኳሽ ነው። አንድ ኮት ሊተኩስ ዘረጋና ኪሶቹን በጣቱ ለካ።

«ጋሼ፣ የግራና የቀኙ ኪስ አልተገናኙም።»

«ጨርቁ ነው።»

«መርፌው ውስጥም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ክር የማስገባልህ እኔ ነኝ።»

የዓይን ሞራ ነበር። ሐኪሙ፣ ዓይኑ ካልተቀደደ በዓመት ውስጥ መኪናው ላይ መቀመጥ እንደሚያበቃ ነገረው። ልብስ ሰፊው መቀሱን ከአባቱ የተረከበ ሰው ነው፤ ሌላ ሥራ አያውቅም። ቢላ ወደ ዓይኑ ማስጠጋትን ግን ከዚያም የበለጠ ፈራ።

በቀጠሮው ቀን የስምምነቱን ቅጽ ጭኑ ላይ አድርጎ ከሐኪም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ አልነሳ አለ። ተኳሹ አጠገቡ ተቀምጧል።

«በል እንጂ» አለው ልብስ ሰፊው። «ሃያ ሁለት ዓመት ስትለፈልፍ ኖረህ ዛሬ ምን ዘጋህ? ስለ ዓይን ምን ይላል?»

ተኳሹ መጽሐፏን ከብብቱ አወጣ። ገለጠ፣ አሁንም ገለጠ፣ ከዚያ ከደናት።

«የለም፣ ጋሼ። ሌሊቱን ሁሉ ፈልጌ አጣሁ።»

ልብስ ሰፊው በደከመ ዓይኑ እንኳ ያየው ነገር ነበር። የመጽሐፏ ገጾች ጥግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታጥፎ ነበር።

«እስቲ የት እንደምፈርም አሳየኝ» አለው።

ተኳሹ በጣቱ አሳየው፤ ልብስ ሰፊውም ፈርሞ ገባ።

ፋሻው ተፈትቶ ወደ ሥራው ሲመለስ መጀመሪያ የሰፋው የደንበኛ ልብስ አልነበረም። ከኮት ቁራጭ ሽፋን ቆርጦ፣ አርባ ስምንት ባዶ ወረቀት ከፊት አስገብቶ፣ ያችን መጽሐፍ በድርብ ክር ጠረዛት። ክሩንም መርፌ ውስጥ ያስገባው ራሱ ነው።

ተኳሹ ባዶዎቹን ገጾች አገላበጠ።

«ይሄ ምን ሊሆን ነው፣ ጋሼ?»

«የጠፋው ግማሽ ነው። ሲመጣልህ ጻፍበት።»

ተኳሹ ጉሮሮውን ጠረገ። ልብስ ሰፊውም፣ በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሚለውን ለመስማት መኪናውን አቆመ።