አንድ የአይሲቲ ባለሙያ ይፈለጋል

ሰው ሥራ ሲፈታ ሙያውም አብሮት ሥራ ይፈታል ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ ኮምፒዩተር አልተማራችሁም ማለት ነው። ሥራ የፈታ መሐንዲስ በር ላይ ቆሞ «እስቲ ይቺን ፎቅ ሥራልኝ» የሚል ጎረቤት የለም። የኮምፒዩተር ባለሙያ ግን ደመወዙ ይቆማል እንጂ ሥራው አይቆምም። አንዷ ፌስቡኳ ተዘግቶባት ትመጣለች። አንዱ የቴሌቪዥኑ ሪሞት አልታዘዝ ብሎት ይመጣል። ሌላው ደግሞ ባጃጁ ጠዋት ጠዋት አልነሣ እያለ ያስቸግረውና «መቼም አንተ የተማርክ ነህ» ይላል። ምን ትመልሱለታላችሁ? እኔ ገፋሁለት። ተነሣ። ያን ቀን በሰፈሩ ያገኘሁትን ክብር ዲግሪዬን የተቀበልኩ ቀን አላገኘሁትም።

እኔም ደህና ዘመን አሳልፌያለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለውጭ አገር ደንበኞች ሶፍትዌር በሚሠራ አንድ ድርጅት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ዘመዶቼ ደመወዜን ሲያወሩ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ከዚያ የዓለም ኢኮኖሚ ተቀዛቀዘ ተባለ። የዓለም ኢኮኖሚ ሲቀዛቀዝ መጀመሪያ የሚነካው ምን ይመስላችኋል? ብስኩት ነው። ቢሮ ውስጥ ከሻይ ጋር በነጻ የሚቀርብልን ብስኩት ቀረ። በወሩ ስኳሩ ቀረ። በሦስተኛው ወር ሻዩ ራሱ ቀረ። በአራተኛው ወር ሌላ የሚቀር ነገር ሲጠፋ አለቃችን ሰበሰበንና «እኛ እኮ አንድ ቤተሰብ ነን» አለን። አለቃችሁ ቤተሰብ ነን ያላችሁ ቀን ጠረጴዛችሁን ማጽዳት ጀምሩ። እኔ ሳልጀምር ደረሰብኝ።

ጓዜን ይዤ ወደ አገሬ ወደ አዊ ተመለስኩ። አባቴ አዲስ ቅዳም አጠገብ የሚኖር ገበሬ ነው። በማሳው ዳር ለከሰል የሚሆን ዛፍ ተክሎ፣ አክስሎና ሸጦ ነው ያስተማረኝ፤ ስለዚህ ስንት ጆንያ ከሰል እንደወጣብኝ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሥራ መውጣቴን ስነግረው፦

«ለመሆኑ ኮምፒዩተሩ ምን ሆነ?» አለኝ።

«ኮምፒዩተሩ ደህና ነው፣ አባዬ። የተበላሸው ኢኮኖሚው ነው።»

«አንተ የተማርከው ኮምፒዩተር አይደል እንዴ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ኢኮኖሚ የተማሩት እያሉ አንተን ለምን አስወጡህ?»

በአምስት ዓመት የሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ከባድ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። መልሱን እስከ ዛሬ እየፈለግሁ ነው።

እንጅባራ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሥራ ማፈላለግ ያዝኩ። አባቴ በየሳምንቱ ይደውላል። መጀመሪያ «አገኘህ?» ይለኝ ነበር። በኋላ «ክረምቱ እየመጣ ነው» ማለት ጀመረ። በመጨረሻ «መጥረቢያ አስልቼልሃለሁ» አለኝ። ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው አላልኩም፤ ነገር ግን እኔን መጥረቢያ ማስያዝ ለዛፉም ለእኔም አደገኛ ነው።

አንድ የእንጅባራ መሥሪያ ቤት «አንድ የአይሲቲ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈው በዚህ መሐል ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልነግራችሁም፤ ከተማችን ብርዷ ብዙ ነው፣ የሚያስጠጋ በር መቀነስ አልፈልግም። ማስታወቂያው «ደመወዝ፦ በስኬሉ መሠረት» ይላል። ስኬሉ ስንት እንደሆነ የሰው ሀብት ክፍል ሠራተኛዋን ወይዘሮ እቴነሽን ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ። «የሳምንቱ ነው?» ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ደግነቱ ዋጥኩት። ቢሆንም ቋሚ ሥራ ነው፣ ጡረታ አለው፣ ከሁሉም በላይ ከመጥረቢያ ያድናል። ተመዘገብኩ።

ሰኞ ጠዋት ዝናቡ እየወረደ ለጽሑፍ ፈተና ሄድኩ። ለአንዲት ቦታ እኔን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። ጫፍ ላይ የተቀመጡት ሰው ግን የማውቃቸው ናቸው። መምህር አንዳርጌ! ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ፣ ከጎንህ ያለውን ልጅ ወረቀት በዓይንህ ጫፍ አየህ ብለው ከፈተና ያባረሩኝ መምህር አንዳርጌ! ዘልዬ ተነሣሁና እጅ ነሣሁ።

«መምህር፣ ፈታኙ እርስዎ ነዎት?»

መሬት መሬት እያዩ «አይደለሁም፤ ተፈታኝ ነኝ» አሉኝ።

የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸውም እንደኔው ነው የሆኑት። ዩኒቨርሲቲውን ትተው ዳንግላ ወደሚገኝ የግል ኮሌጅ የሄዱት ደመወዙ ሻል ስለሚል ነበር። ኮሌጁ ግን የኮምፒዩተር ትምህርቱን ዘጋው። ለምን ተዘጋ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ተማሪ ከየት ይምጣ? እናንተን እያየ!» አሉኝ።

አነጋገራቸው ትምህርቱን እኔ በግሌ የዘጋሁት አስመሰለው። ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያልጠበቅሁትን ነገር ነገሩኝ። ሥራ ከፈቱ አምስት ወራቸው ነው። ባለቤታቸው ታውቃለች፤ ሁለቱ ልጆቻቸው ግን አያውቁም። በየጠዋቱ እንደ ድሮው ቦርሳቸውን ይዘው ከቤት ይወጣሉ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት መግባታቸውን ያረጋግጡና ተመልሰው ይተኛሉ። «ልጆቼን ማታ ለፈተና አጥኑ እላቸዋለሁ፤ ለራሴ ፈተና ደግሞ ቀን ተደብቄ አጠናለሁ» አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ፈገግታው እምቢ አላቸው።

ወረቀቱ ታደለ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ኮምፒዩተር ምንድን ነው?» ይላል። በግራዬ የተቀመጡት መምህር አንዳርጌ ለዚህ ብቻ ሁለት ገጽ ጻፉ። አራተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጥያቄው በኮምፒዩተር ለተጻፈ ደብዳቤ የገጽ ቁጥር እንዴት እንደሚገባ የሚጠይቅ ነው። ለካ እሳቸው ዘመናቸውን ሙሉ የገጽ ቁጥር ያስገቡት በጸሐፊ ነው። አንድ ጊዜ ሳሉ። ሁለተኛ ሳሉ። ከዚያም ያ እንደ ነጎድጓድ የምንፈራው ድምፅ እንደ ትንኝ ቀጥኖ ወደ ጆሮዬ መጣ፦

«ፈንታሁን... አራተኛዋ...»

አልዋሻችሁም፤ እጄን አውጥቼ «ይህ ሰው እየቀዳ ነው!» ብዬ መጮህ አማረኝ። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቀን ነው! ግን ቦርሳቸው ታየኝ፤ ያ በየጠዋቱ ባዶውን የሚወጣ ቦርሳ። ወረቀቴን ትንሽ ወደ ግራ አዘነበልኩ።

ከሰዓት በኋላ የተግባር ፈተና ሆነ። ወይዘሮ እቴነሽ ወደ አንድ ሰፊ ክፍል አስገቡን። ዘጠኝ መሣሪያዎች በጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ ስምንት ኮምፒዩተርና አንድ ፕሪንተር። ሁሉም የማይሠሩ ናቸው። እጣ አውጥተን የደረሰንን መጠገን ነበረብን። እኔ ሞኙ ልቤ በአክብሮት ተሞላ። እኛን በትክክል ለመፈተን ብሎ ዘጠኝ መሣሪያ ያበላሸ መሥሪያ ቤት! እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የት ይገኛል?

የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው በር ላይ ተኮልኩለው ያዩናል። አንዱማ እኔ አጠገብ መጥቶ «ወንድሜ፣ አደራህን፤ የስድስት ወር ሪፖርቴ እዚያ ውስጥ ነው» አለኝ። ይሄኔ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም። ለፈተናው ተብሎ የተዘጋጀ ተዋናይ መስሎኝ በትወናው አደነቅሁት።

ለእኔ የደረሰኝ ኮምፒዩተር አይጥ የኖረችበት ነው። ሆዱን ከፍቼ ጎጆዋን አወጣሁ፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ የተቆረጠውን ገመድ ቀየርኩ፤ ተነሣ። ዞር ብዬ ሳይ ሰውም ሁሉ እየጨረሰ ነው። መምህር አንዳርጌ ብቻ የደረሳቸው ፕሪንተር ፊት ቆመዋል። በስንት ቀመር ሲራቀቁብን የኖሩ ሰው ፕሪንተር ከፍተው አያውቁም ነበር። በቀኝ ያዩታል፣ በግራ ያዩታል፣ ይነካኩትና እጃቸውን ይሰበስባሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በእንጅባራ ብርድ ያላበው ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

እዚህ ላይ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ዝም ብል እሳቸው ይወድቃሉ፣ እኔ አልፋለሁ። ብናገር መጥረቢያው ይጠብቀኛል። የሰው ልጅ ደግ ነው የምትሉ ሰዎች በዚያች ሰዓት ሆዴ ውስጥ የተደረገውን ክርክር ብትሰሙ ሐሳባችሁን ትቀይሩ ነበር። ለማንኛውም መጥረጊያ ጨርቅ የምፈልግ መስዬ በአጠገባቸው አለፍኩና «ወረቀት ተሰንቅሮበታል፤ ከኋላ ያለውን ክዳን ይክፈቱት» አልኳቸው።

ከፈቱት። ጎተቱ። የተጨማደደ ወረቀት ወጣ። በር ላይ ከቆሙት ሠራተኞች አንዷ ወረቀቱን አይታ «የዓመት ፈቃድ ጥያቄዬ!» ብላ ጮኸች። ለካ አለቃዋ ፈቃድ የከለከሏት መስሏት ሦስት ወር አኩርፋ ኖሯል። ፕሪንተሩ ጉሮሮው ከተከፈተ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ፤ ታዝዞ የቀረውን ሁሉ ያትም ጀመር። ሠራተኛው አጨበጨበ። መምህር አንዳርጌም አብረው አጨበጨቡ፤ ለማን እንደሚጨበጨብ የገባቸው አይመስለኝም።

ረቡዕ ውጤት ተለጠፈ። አንደኛ መምህር አንዳርጌ፣ ሁለተኛ እኔ፤ የሚለየን ግማሽ ነጥብ። ደስ አለኝ ብል እዋሻችኋለሁ። ክፍሌ ገብቼ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ። ከዚያ ስልክ ደወልኩላቸውና እንኳን ደስ አለዎት አልኳቸው።

«ግማሿ ነጥብ ያንተ ናት» አሉኝ። ቀጥለውም ዓርብ ውል ለመፈረም ሲመጡ ምሳ እንደሚጋብዙኝ፣ ከዚያም ማታ ለልጆቻቸው አዲስ ሥራ ያዝኩ ብለው እንደሚያበስሩ ነገሩኝ። እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

ዓርብ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ማስረጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከዳንግላ በሚኒባስ መጡ። አብረን ገባን። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው፤ ፕሪንተሩ መቼም ደህና ሆኗል። እንዲህ ይላል፦ መሥሪያ ቤቱ በያዘው የወጪ ቁጠባ እቅድ መሠረትና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎቹ ሁሉ በአሁኑ ሰዓት በጥሩ ሁኔታ ላይ ስለሚገኙ የአይሲቲ ባለሙያ ቅጥሩ ተሰርዟል። ተወዳዳሪዎች ላሳያችሁት ትብብር ምስገናችን የላቀ ነው።

አነበብን። እንደገና አነበብን። መምህር አንዳርጌ ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። የሚሰድቡ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን «ምስጋና» የሚለው ቃል ላይ የተሳሳተውን ፊደል አርመው፣ ከግርጌው ነጥብ ሰጡት፤ ከአሥር ሁለት። ከዚያ ሳቅ አፈናቸው። እኔም ተያዝኩ። ዘበኛው መጥቶ «ምን ሆናችኋል?» እስኪለን ድረስ ግድግዳ ተደግፈን ሳቅን። ዓይናችን ያረጠበው ሳቁ ብቻ ነው ብዬ ግን አልምልም።

ምሳውን ድንች ወጥ በላን። መምህር እየበሉ «ዛሬ ማታ ለልጆቼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ» አሉ። ነገሯቸው። በማግሥቱ ደወሉልኝ። ትልቋ እቅፍ አድርጋ ሳመቻቸው፤ ትንሹ ደግሞ «ታዲያ ቦርሳውን ለምን ለእኔ አትሰጠኝም?» ብሎ ወሰደባቸው።

ኑሮ ቀጠለ። እሳቸው ዳንግላ ውስጥ በየቤቱ እየዞሩ ልጆች ሒሳብ ያስጠናሉ። እኔ እንጅባራ አንድ ጽሕፈት ቤት ጥግ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻና ፎርም እሞላለሁ። አባቴ መጥረቢያውን ለጎረቤት አዋሰው፤ ሸጥኩት አላለኝም፣ አዋስኩት ነው ያለኝ።

በአራተኛው ወር ያው መሥሪያ ቤት ያንኑ ማስታወቂያ መልሶ አወጣ። አንድ የአይሲቲ ባለሙያ ይፈለጋል። ከሥር አንዲት መስመር ተጨምራለች፦ ለተግባር ፈተና ካቻቢቴ ይዞ መቅረብ ግዴታ ነው። ደሜ ፈላ። ወዲያው መምህር አንዳርጌ ጋ ደወልኩ።

«መምህር፣ ያ ማታለያቸው እንደገና ወጥቷል። እንዳይሄዱ!»

«እኔ? ሞኝ መሰልኩህ?» አሉኝ። «አንተም እንዳትሄድ። ክብራችንን እንጠብቅ።»

«ክብራችንን እንጠብቅ» አልኩና ዘጋሁ።

ሰኞ በጠዋት ዝም ብዬ፣ ማን ማን እንደተታለለ ለማየት ያህል ብቻ ወደዚያ ወረድኩ። አሥራ አራት ሰው ተሰልፏል። ከሰልፉ ፊት አንደኛ ላይ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከደረት ኪሳቸው የካቻቢቴ እጀታ ብቅ ብሎ የቆሙት መምህር አንዳርጌ ናቸው። ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ፈንታሁን!» አሉኝ ኮስተር ብለው፤ «አንተን ከዚህ ልመልስህ ነው የመጣሁት።»

«እኔም እርስዎን ልመልስዎ ነው የመጣሁት» አልኩና፣ የራሴን ካቻቢቴ ወደ ኪሴ ወሽቄ አሥራ አምስተኛ ሆኜ ተሰለፍኩ።