የአገር ውስጥ ከስክስ

የአገር ውስጥ ምርት እጠላለሁ የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ችግሩ መውደዱ ላይ ሳይሆን መለየቱ ላይ ነው። የአንድ ጫማ አገሩ በምን ይታወቃል? በቆዳው? በሰፋው እጅ? የዋህ አይሁኑ፤ በደብዳቤ ነው የሚታወቀው።

እኔ ይህን ጥበብ የተማርኩት ለወታደሮች ከስክስ ጫማ በሚገዛ ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ነው። መመሪያችን፣ ዋጋው እጥፍ ቢሆንም የአገር ውስጥ አምራች ይቅደም ይላል። አምራችነት የሚረጋገጠው ደግሞ የቤት ቁጥር ባለበት የወረዳ ደብዳቤ ነው።

ጋሽ ሰይድ ካዛንቺስ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ጫማ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህን ጨረታ ካላገኙ ስድስቱን ሠራተኞቻቸውን እንደሚበትኑ ነግረውኛል። ናሙናቸውን ኮሚቴው አገላብጦ አይቶ ወደደው፤ ዋጋቸውም ዝቅ ያለ ነው። የቤት ቁጥር ግን የላቸውም። ቤቱ ለልማት ፈርሶ፣ አሁን የሚሰፉት ኦሎምፒያ አካባቢ ዘመድ ግቢ ተጠግተው ነው። ወረዳው፣ በሌለ ቤት ደብዳቤ አልጽፍም አለ። ምን ይበል ታዲያ? ስለዚህ ጋሽ ሰይድ በመመሪያችን መሠረት የውጭ አገር ሰው ሆኑ።

ጨረታውን ያሸነፈው ባምቢስ አካባቢ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው ነጋዴ ነው። ጫማውን በኮንቴይነር አስመጥቶ እዚህ ካርቶን ውስጥ ይከተዋል። የቤት ቁጥሩ ግን በሩ ላይ ያብረቀርቃል። ዋጋው የጋሽ ሰይድ እጥፍ ነበር፤ እኛም ለአገር ፍቅር ዋጋ አይወጣለትም ብለን በሙሉ ድምፅ አጸደቅን።

ለርክክብ የመጡት ሻምበል አንዱን ጫማ አጥልቀው ሦስት እርምጃ ሄዱ። ሶሉ አራተኛውን እምቢ አለ። ነጋዴው ምንም አልደነገጠም፤ ጫማውን በሙሉ ጭኖ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ወሰደና እንደ አዲስ አሰፋው። ሠራተኞቹ ሳይበተኑ ቀሩ፤ ከልቤ ደስ አለኝ።

ደስታዬ የቆየው ነጋዴው ደብዳቤ እስኪያስገባ ድረስ ነው። ጫማው በአገር ልጅ እጅ እንደገና ስለተሰፋ የአገር ውስጥ ይዘቱ ጨምሯል፣ ስለዚህ ለሚቀጥለው ግዢ የዋጋ ጭማሪ ይደረግልኝ ይላል። ኮሚቴው አሳማኝ ሆኖ አገኘው። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ፤ ግን ጻፍኩት።

ሄጄ ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው። ወስፌያቸውን አስቀምጠው፣ እኔ አጥብቄ በሰፋሁ ቁጥር መንግሥት ላይ ዋጋ ይጨምራል ማለት ነው? ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። እንግዲያው ልጄ፣ ለአገር ስል ላላ አድርጌ ልስፋው? አሉኝ።

ቢሮ ተመልሼ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። አላልቶ መስፋትን የሚከለክል አንቀጽ የለውም።