በአጎቴ መስኮት የገባችው ፀሐይ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ድሬዳዋ፣ ኒም ዛፍ ሥር ሦስት ሰዎች ተኝተን ነበር፤ አጎቴ ጋሽ ዘርጋው፣ ግንበኛው ዑመሬና እኔ። ከአጠገባችን ለእናቴ የምንሠራላት ቤት ቆሟል። ጣሪያውን ለብሷል፤ የቀረው ትልቁ የመስታወት መስኮት ነው። አጎቴ በምዕራብ በኩል፣ ወደ አስፋልቱ እንዲገጠም ወስነዋል። "ቤት ፊቱን ለመንገደኛ ካልሰጠ ያኮረፈ ይመስላል" ነው የሚሉት። የከሰዓት ፀሐይ የምትመጣው ግን በዚያው በኩል ነው። እናቴ ደግሞ ሙቀት ሲበረታባት ራሷን ትስታለች። ይህን አውቃለሁ፤ ለአጎቴ መናገር ግን አፍራለሁ። ስንነሳ መስኮቱ ሊገጠም ነው። እያሰብኩ እንቅልፍ ወሰደኝና ሕልም አየሁ።

በሕልሜ ቤቶች በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ሰዎች ግን ተተክለው ነበር። እኔም እስከ ጉልበቴ ሲሚንቶ ውስጥ ቆሜ ነበር። አንድ ላቡ የሚንጠባጠብ ቆርቆሮ ቤት ጃንጥላ ይዞ መጣና ደረቴን አንኳኳ።

"የሚከራይ ሰው ነው?"

"ገና አልተመረመረም" አለች አንዲት ፍየል። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ እሷ ነበረች። ጥላዬ ላይ ተኝታ ማመንዠክ ጀመረች፤ ሳትጨርስ ተነሳች።

"ይህ ጥላ አያስመነዥክም። ፈቃድ ተከልክሏል።"

ነፋስ ሽማግሌ ሆኖ ከዘራ ይዞ መጣ።

"ልገባ ነበር። በየት ነው የምወጣው?"

"መውጫ የለውም" አለች ፍየሏ።

"አቦ፣ እኔ ወጥመድ የምገባ አይጥ ነኝ እንዴ?" ብሎ ሄደ።

ወዲያው አስፋልቱ ራሱን እንደ ሰሌን ጠቅልሎ፣ መንገደኞቹን በብብቱ ይዞ ተከተለው። ቤታችንን የሚያይ አንድም ሰው አልቀረም።

ከዚያ እናቴ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ገባች፤ ቀይና ወፍራም ሴት ነበረች።

"ጋሽ ዘርጋው ናቸው የጠሩኝ" አለች።

እናቴ እንግዳ አታሳፍርም። አልጋዋን ለቀቀችላት።

"እራት በልቼ ነው የምሄደው። ነገም እመጣለሁ" አለች ፀሐይ ጋደም ብላ።

"ቤትሽ ነው፣ እህቴ" አለች እናቴ። በርጩማው ላይ እንደ ሻማ እየቀለጠች ነበር። እግሮቿ አልቀው መቅለጡ ወገቧ ላይ ደርሷል። ልጮህ ስል አፌ በሲሚንቶ ተለስኗል።

"የገባ እንግዳ አይባረርም። ቀድሞ አለመጥራት ነው" አለች ፍየሏ።

ቆርቆሮው ቤት ትከሻዬን ነካኝ። "በሩ አንተ ነህ። ተከፈት እንጂ።"

ፍየሏ ተጠግታ ልስኑን ከአፌ ላይ ላሰችው። ያን ጊዜ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ።

"አንተ ዘርጋው፣ መስኮቱን አዙር። እናቴን ልትጨርሳት ነው!"

ነቃሁ። እውነትም የጎረቤት ፍየል አፌ ላይ የደረቀውን ላብ ትልሳለች። ዑመሬ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አጎቴ ቁጭ ብለው ያዩኛል።

"ማን ነው 'አንተ'?" አሉኝ።

"ሕልም ነው፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ሕልሙን ተወው። መስኮቱን ወዴት ነው የማዞረው?"

አንዴ አምልጦኛልና እጄን ወደ ኒሙ ዘረጋሁ። "ወደ ጥላው። እናቴ ሙቀት አትችልም።"

"በትይዩም ትንሽ መስኮት እንተው" አለ ዑመሬ። "ነፋስ መውጫ ካላገኘ አይገባም።" ሕልሜን ገና አልነገርኩትም ነበር።

አጎቴ የምዕራቡን ግድግዳ ትክ ብለው አዩት። ፀሐይ ደርሳበታለች።

"እኔስ እዚያ መቆም አቅቶኝ አይደል እዚህ የተኛሁት? ደፍሮ የሚነግረኝ ጠፋ እንጂ።"

"ሰው ቤቱ አኮረፈ ቢልስ፣ ጋሽ ዘርጋው?" አለ ዑመሬ እየሳቀ።

"ያኩርፍ። ተነሱ፣ ሲሚንቶ አቡኩ።"

የምዕራቡን ክፍት ቦታ በብሎኬት ደፈንነው። በኒሙ በኩል ግድግዳውን ከፍተን መስኮቱን ገጠምነው፤ በትይዩም ለነፋሱ ትንሽ መውጫ ተውን። አመሻሽ ላይ እናቴ መጣች፤ ገብታ ባዶው ወለል ላይ ተቀመጠች። በሙቀት ከእጇ የማይለየውን ማራገቢያዋን ከቦርሳዋ አላወጣችም።