ሁለተኛው ገዳይ

ገዳዩን እያወቁ የወንጀል ልብ ወለድ መድገም ምን ዓይነት በሽታ ነው የሚሉኝ አሉ። በሽታስ ቢሆን፣ ማን ሐኪም ጠራ? መጀመሪያ ስታነቡ ገዳዩን ለመያዝ ስትሯሯጡ ዝናቡንም፣ ምግቡንም፣ የሰዉንም ወሬ እየዘለላችሁ ታልፋላችሁ። ስትደግሙት ግን ዘና ብላችሁ ተቀምጣችሁ፣ ያ ጉደኛ ሻዩን ፉት እያለ ለሟች ሲያለቅስ ታዩታላችሁ። እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! እኔ አንዷን መጽሐፍ ሰባት ጊዜ ደግሜያታለሁ።

የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ታደሰ ዐይናቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንታት ማንበብ ሲከለክላቸው፣ ይህችኑ መጽሐፍ ላነብላቸው ቃል ገባሁ። እሳቸው አሌክሳንድሪያ፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መካከላችን ደግሞ ቤልትዌይ የሚባል፣ መኪና የማይላወስበት የቀለበት መንገድ መከራ ስላለ፣ ከሥራ ስመለስ ኮል አደርግላቸዋለሁ። የእኔን እንግሊዝኛ ከሚሰሙ ዝም ብለው ቢቀመጡ እንደሚመርጡ ስለነገሩኝ፣ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው የማነበው። አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ጋሽ ታደሰ ገዳዩን ራሳቸው ካልደረሱበት ጉድ ነው፤ አንድ ወዳጃቸው መጨረሻውን ቀድሞ ስለነገራቸው እስካሁን ሰላምታ የላቸውም።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ጉድ ፈላ። እንግሊዝኛው «አንድ ሰው» ብሎ ያልፋል፤ ልጅ ይሁን ሽማግሌ አይናገርም። አማርኛ መቼ ዝም ይላል! ገዳይዋ የቤተሰቡ አሮጊት አክስት ናቸው፤ በዚያ ቤት ከእሳቸው በቀር አንቱ የሚባል የለም፣ ሌላው ሁሉ ጎረምሳና ኮረዳ ነው። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው አንቺ ብዬ አላደግኩም። አፌን አዳለጠኝና፣ አንድ ሰው በጓሮ በር ገቡና መርዙን ሻዩ ውስጥ ጨመሩ አልኩ።

«ገቡ?» አሉ ጋሽ ታደሰ። «አንድ ሰው ነው የገቡት?»

ክው አልኩ። ደግነቱ «ገቡ» ለብዙ ሰውም ይሆናል። ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ «ተሳስቼ ነው ጋሼ፣ ሁለት ናቸው» አልኩ።

እሺ፣ ሁለተኛውን ከየት ላምጣው? መጽሐፏ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ብቅ ብሎ ጽጌረዳ የሚያጠጣ ምስኪን አትክልተኛ አለ። እሱን ያዝኩት። በየምዕራፉ አንዳንድ ኃጢአት እየጨመርኩበት፣ ጫማውን ጭቃ እያስነካሁ፣ በመስኮት አጮልቆ እንዲያይ እያደረግኩ፣ መጨረሻው ላይ ከአክስትየዋ ጋር በካቴና አስወጣሁት። ጋሽ ታደሰ አትክልተኛውን ገና ድሮ እንደጠረጠሩት፣ አክስትየዋን ግን ጭራሽ እንዳላሰቧቸው ነግረውኝ፣ መርቀውኝ ስልኩን ዘጉ። እፎይ አልኩ።

ዐይናቸው ዳነ። የመጀመሪያ ሥራቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ያችኑ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሰው መድገም! ይህን የሰማሁት አንብበው ከጨረሱ በኋላ ሲደውሉልኝ ነው። ከአባቴ ቀጥሎ የምወዳቸው ሰው ሊቀየሙኝ ነው ብዬ ይቅርታዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ።

«አንቺ ልጅ፣» አሉኝ ተቆጥተው፣ «ይኼ ደራሲ እኮ አትክልተኛውን ሳይዘው ነው የጨረሰው!»

እያሾፉብኝ ይሁን ከልባቸው እስከዛሬ አላወቅኩም፤ ለመጠየቅም አልደፈርኩ። መጽሐፏን ግን አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ይዘዋታል፤ ፍንጭ እየፈለጉ ነው አሉ። ልስቅባቸው አልችልም። እኔም ሰሞኑን ስምንተኛዬን ጀምሬ፣ ያ ምስኪን ጽጌረዳውን ሊያጠጣ ብቅ ሲል፣ ይኼ ሰውዬ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል ብዬ አንድ ገጽ ወደ ኋላ መለስኩ።