ሳይፈለፈል ኮሌጅ የገባው ዕንቁላል

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፣ እንቅልፍ የያዘው ግድግዳውን ደገፍ ይበል።

ድሮ፣ አራዊት እንደ እኔና እናንተ በሚያወሩበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ አንዲት ጅግራ ነበረች። ዕንቁላሎቿን ሸለምጥማጥ በልቶባት አንድ ብቻ ቀርቷታል። እሱን ታቅፋ፣ ዛሬ ይፈለፈላል ነገ ይፈለፈላል እያለች ተቀምጣለች።

ከጫካው በላይ፣ ገደሉ አናት ላይ፣ የጭላዳ ኮሌጅ የሚባል ነበር። እዚያ ገብቶ የወጣ ሁሉ የአንበሳ ሹም ይሆናል። ታዲያ የሚገባው ጥቂት፣ በሩ ላይ የሚያለቅሰው ብዙ ነው።

ጎረቤቶች ጅግራን ሊጠይቁ መጡ። በደጉ ጊዜ ቢሆን "እንኳን ማረሽ" ብለው፣ ጥሬ አቃምሰዋት ይሄዱ ነበር። አሁን ግን ሚዳቋ ገና በቅጡ ሳትቀመጥ፣

"የት ልታስገቢው ነው?" አለቻት።

"ማንን?"

"ዕንቁላሉን ነዋ።"

"ኧረ መጀመሪያ ይፈልፈል፣ እህቴ።"

ሚዳቋና ቀበሮ ተያዩ። ያችን መተያየት መቼም ታውቋታላችሁ፤ ከስድብ ትብሳለች።

"ወይ አንቺ የዋህ" አለች ቀበሮ። "የነብር ሚስት እኮ ገና እርጉዝ ሳለች ነው ለሆዷ ትምህርት ማንበብ የጀመረችው። አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ ታሞቂያለሽ?"

ከዚያ ወዲያ ጅግራን እህል አልወርድ አላት። ዕንቁላሏን ይዛ ጦጣ ዘንድ ሄደች። ጦጣ ከኮሌጁ ደጃፍ ማስጠኛ ከፍታለች። ራሷ ኮሌጁን የምታውቀው በአጥር ቀዳዳ ነው፤ ግን ማን ጠይቋት።

ጦጣ ቅንድቧን ሰብስባ ዕንቁላሉን አገላብጣ አየችው።

"ዘግይተሻል፤ ግን ተስፋ አለው። ክንፍ ሥር መዋሉ ይቅር፣ ጨለማ ያደነዝዛል። ገደሉ ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከፍታውንም ብርዱንም ከአሁኑ ይልመድ። እኔ ጠዋት ማታ አነብለታለሁ።"

ባሏ አውራው ጅግራ ይህን ሲሰማ፣ "አንቺ ሴት፣ እኛ የምናውቀው ማቀፍ ነው። እናቴም ያደረገችው ይህንኑ ነው" አላት።

"እናትህ አቅፋ ምን አፈራች? አንተን።"

አውራው መሬቱን ጫር ጫር ማድረግ ያዘ።

ዕንቁላሉ ገደሉ ጫፍ ላይ ተገተረ። ነፋሱ ይገርፈዋል፣ ጦጣ ታነብለታለች። እናትየው አንዳንዴ ሆዷ ይባባና ልታቅፈው ብድግ ትላለች። ወዲያው የነብር ልጅ ትዝ ይላታል፤ መልሳ ትቀመጣለች። የሆዷ ላባ ባዶውን ይሞቃል።

የፈተናው ቀን ደረሰ። የሚዳቋ ልጅ የጭላዳን ጎፈር ሲያይ ደንብሮ ጠፋ። የቀበሮ ልጅ ሳቁን መያዝ አቃተው። የነብር ልጅ ሁሉንም እንደ ውሃ ካወረደው በኋላ፣ "ግን ይህን ሁሉ ለምን ትጠይቁናላችሁ?" አለና ወደቀ።

ተራው የዕንቁላሉ ሆነ።

"አለቃህ ሲሳሳት ብታይ ምን ትላለህ?" አለው ጭላዳ።

ዕንቁላሉ ጭጭ።

"ፀሐይ ወጥታ እያየህ ዘነበ ቢልህስ?"

አሁንም ጭጭ።

ጭላዳ ጎፈሩን እያሻሸ ወደ መምህራኑ ዞረ። "እንዲህ ያለ አስተዳደግ አይቼ አላውቅም። ገብቷል።"

ጅግራ እልልታዋን አቀለጠችው። ባሏ ግን ጆሮውን ቅርፊቱ ላይ ለጠፈና፣ "ውስጡ ምንም አይላወስም" አለ።

"እያጠና ነዋ" አለችው።

ዕንቁላሉ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። ተመረቀ፤ አንበሳም በቀኙ አስቀመጠው። ከጊዜ በኋላ ግን በችሎቱ ላይ አንድ ሽታ ተነሣ። ጅብ እንኳ፣ ጅብ ነው የምላችሁ፣ አፍንጫውን ያዘ። ጭላዳ ተነሥቶ፣ "ይህ የዕውቀት ሽታ ነው" ሲል ሹማምንቱ ሁሉ ደጋግመው ወደ ውስጥ ሳቡት።

ከዕለታት አንድ ቀን ጅግራ የሚዳቋን ልጅ አየችው። ያ ደንባራ ከእናቱ ጋር ሣር ይግጣል፤ እናቱን እየገፋ ይጫወታል። ጅግራ ቆማ አየቻቸውና፣ ቀጥ ብላ አንበሳ ግቢ ሄደች። በሩን የሚጠብቀው ከርከሮ ነበር።

"ጌቶች ሥራ ላይ ናቸው" አላት።

"እናቱ ነኝ። ትንሽ ልቀፈው፤ ብርድ ላይ ብዙ ቆይቷል።"

"እሜቴ፣ ሹም ይታቀፋል እንዴ? ደግሞ ቢፈለፈል አፍ ሊያወጣ ነው። አፍ ያለው እዚህ አይቀመጥም። ይልቅ እንደዚሁ ይኑርልዎት።"

ነገሩ ያን ጊዜ ገባት። ቁልቁለቱን ያዘች። መንገድ ላይ አንዲት ወጣት ቆቅ እየሮጠች ደረሰችባት።

"እትዬ፣ ልጅዎን እንዴት አድርገው እንዳስገቡት ይምከሩኝ። እኔም አንድ ዕንቁላል አለኝ።"

"የት ነው ያለው?"

"ገደሉ ጫፍ ላይ አቁሜዋለሁ።"

"ሩጪ፣ ሄደሽ ተቀመጪበት" አለቻት ጅግራ። "እኔ ሹም ወልጄ፣ ድምፁ ቀጭን ይሁን ወፍራም አላውቅም።"