ሳይፈትሽ የማይጎርሰው መንገደኛ

በዓለም ላይ ካሉ መንገደኞች ሁሉ የቀረበለትን ሳይመረምር የማይጎርስን ሰው የሚያህል የትዕግሥት ፈተና የለም። ሽፍታ ቢያጋጥምህ ያለህን ሰጥተህ ትገላገላለህ። ከዚህ ሰው ጋር ግን ሾርባህ ፊትህ እየቀዘቀዘ ምርመራው እስኪያልቅ ትጠብቃለህ።

የእኛው ክቡር መርማሪ የእህቴ ባል ነው። ዕድሜውን ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲዘረጋ ስለኖረ ሽቦና ሾርባ ለእሱ አንድ ናቸው። "ሳይፈተሽ አይነካም!" ይላል። ማንኪያውን ወደ ብርሃን ያነሣል፣ ያሸታል፣ የተቃጠለ አምፖል እንደሚያይ በአንድ ዓይኑ ያጮልቃል።

እህቴ ታማ የተኛች ጊዜ ተሳለ፦ ከዳነች ባሕር ማዶ ያለውን የተሳላሚዎች መንገድ በእግሩ ሊጨርስ፣ እስኪጨርስም ከእንስሳ የመጣ ነገር ላይቀምስ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ማር እንኳ ሳይቀር። ዳነች። እኔንም "አብረኸው ሂድ፣ በረሃብ ይሞትብኛል" ብላ ላከችኝ። ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ አንዲት ጠብታ ከነካ መንገዱን እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። ዳገቱንም፣ ጭቃውንም። እኔም አብሬው ማለት ነው!

"ጋሼ፣ ከንብ ጋር ምን አጣላህ?" አልኩት አንድ ቀን ደረቅ ዳቦ እያላመጥን።

"እኔ አልተጣላኋትም። እሷም እንዳትጣላኝ ነው።"

የአገሩን ቋንቋ አናውቅምና ሴት ልጁ ካርቶን ላይ ላም፣ ዶሮ፣ ዓሣና ንብ ሥላ በቀይ ሰርዛለታለች። አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሥዕሉን አየችና ከንፈሯን መጠጠችለት፤ ከዚያ እየሮጠች ወጣች። ዶሮዎቿን ቆለፈች፣ ላሟን ከመስኮቱ አራቀች፣ ድመቷን ሳይቀር አባረረች። ለካ እንስሳ የሚፈራ መስሏታል! ተመልሳም "አይዞህ" በሚል ፊት በቅቤ የተጠበሰ እንቁላል ለሁለታችንም አቀረበች። አመስግኖ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው፤ ዳቦውን ግን ገልብጦ መረመረ። እኔ ጠገብኩ። ተናደድኩም። የተራበ ሰው ፊት ሁለት ሳህን እንቁላል ጨርሶ ደስ የሚለው ማን ነው?

በዳቦና በፖም ሲገፋ ሱሪው ከወገቡ መውረድ ጀመረ።

"ጋሼ፣ ፈጣሪ ማንኪያ አይቆጥርም። ትንሽ ቅመስ።"

"እሱማ አይቆጥርም። ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

እልኸኛ!

መድረሻው ከሩቅ ከሚታይበት መንደር ስንገባ ብርድ መታውና ጉልበቱ ከዳው። በጠራራ ፀሐይ አልጋ ላይ ወድቆ ዓይኑን መግለጥ አቃተው። ካርቶኑን ስንገባ ያሳየናት የቤቱ እመቤት የአጥንት መረቅ ይዛ መጣች። ወደ እሱ ጠቆመች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። አያውቅም፣ ማለቷ ነው።

እንግዲህ ስለምነው የከረምኩት ነገር እየተነነ መጣልኝ። ማንኪያውን ወደ ከንፈሩ አስጠጋሁ። ያ ሁሉ ምርመራ የት እንደገባ እንጃ፣ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ አመነኝ።

እጄ ቀጥ አለ። ሰው ቃሉን እንደ ካልሲ በሚቀይርበት ዘመን ይህ ሰው ቃሉን በባዶ ሆዱ ተሸክሞ እዚህ ደርሷል፤ እኔ ላፈርስበት ነው?

"እሱ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ!" ብዬ በገዛ ቋንቋዬ ጮህኩባት። ምን አጠፋች ሴትዮዋ? ስትደነግጥ አፍሬ እጇን ሳምኩና ወጥ ቤቷ ገባሁ። ድስቱን የመረቁ ሽታ እስኪለቀው በአመድ ፈተግኩት። ድንችና ካሮት በውሃ ቀቀልኩ። በሕይወቴ ለማንም አብስዬ አላውቅም።

ደግፌ አበላሁት። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ዓይኑን ገለጠ፤ ፊቱም ትንሽ ደም መሰለ።

"ጨው ጎድሎታል" አለኝ።

"ሞኝህን ፈልግ!" አልኩት፤ ጨውም ላመጣለት ሮጥኩ።